«እኛ ምን እናውቃለን?» ያሉት ሴቶች

ሐጂ ሰላሁዲን ጀልባ አይወዱም። ጣና ዳር ተወልደው ጣና ዳር ያረጁ ሰው ቢሆኑም፣ ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐይቁን ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃኛል ሲሉ ኖረዋል። የዚያን ቀን ማለዳ ግን ከባሕር ዳር ወደ ቁንዝላ በምትሄደው የሞተር ጀልባ ላይ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈውና ሙስባሃ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ተቀምጠው ነበር። በመኪና እንዳይሄዱ መንገዱ በተኩስ ከተዘጋ አምስተኛ ቀኑ ነው። እንዳይቀሩ ደግሞ ልጃቸው ሱምያ ቁንዝላ ናት። የሚሄዱትም እሷን ይዘው ለመመለስ ነው።

ሱምያ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ አጥታ ቤት ከተቀመጠች በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት «የጥናት ሥራ አገኘሁ» ብላ እናቷን አስፈቅዳ ሄደች። ሐጂ ሥራው ምን እንደሆነ የሰሙት ከሄደች በኋላ ነው። ለካ ቤት ለቤት እየዞሩ ሴቶችን ስለ መንግሥት፣ ስለ ቀበሌ፣ ስለ አገር ምን ታውቃላችሁ፣ ምን ታስባላችሁ ብሎ መጠየቅና መልሱን በወረቀት ማስፈር ኖሯል! ይህን ከሰሙ ወዲህ እህል ከአፋቸው አልገባም።

ሐጂ ከወረቀት የተጣሉ ሰው ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት ለአንድ ማኅበር የእርዳታ ማሰባሰቢያ ይሆናል ተብለው የሰፈራቸውን ጨርቅ ነጋዴዎች ስም ዝርዝር ጽፈው ሰጡ። ዝርዝሩ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ አላህ ይወቀው፤ በወሩ ታናሽ ወንድማቸው ካሊድ ከሱቁ ተወስዶ አራት ወር ጠፋ። ሲመለስ ግራ እጁ አይታዘዝለትም ነበር። የወሰዱት ሰዎች ስሙን የጠሩት ከዚያው ወረቀት ላይ እያነበቡ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ደግሞ የሐጂ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ የመብራት ደረሰኝ እንኳ ሲመጣ ይደነግጣሉ።

ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ጥቁር ቦርሳ ታቅፋለች። ዘጌን አልፈው ማዕበሉ ጀልባዋን ማንገላታት ሲጀምር ከኪሷ ሎሚ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። አቅለሸለሸዎት መሰለኝ፤ ይህን ያሽትቱ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ሎሚ የሆድ መድኃኒት ነው፣ ልጄ፤ የእኔ የታወከው ልቤ ነው። ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

«የወረታው የሰላህ ልጅ ነኝ፤ የሩዝ ነጋዴው። ሀኒያ እባላለሁ።»

«የሰላህ!» የሐጂ ፊት ፈካ። «ከአባትሽ ጋር ስንት ዘመን ተገበያይተናል! እንግዲያው ልጄ ነሽና ላዋይሽ።»

ሰው ሲፈራ ወይ ጭጭ ይላል፣ ወይ ወሬ ያበዛል። ሐጂ ሁለተኛውን መረጡ። የሱምያን አካሄድ፣ የመንገዱን መዘጋት፣ ስልኳ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አለመሥራቱን አንድ ሳያስቀሩ ዘረገፉትና፣ «ያሳተቻት አንዲት ዶክተር ናት አሉ» ብለው ደመደሙ። «የሰው ልጅ ጥይት መካከል የምትልክ! አላህ ያገናኘን እንጂ ምን እንደምላት እኔ ነኝ የማውቅ።»

 ሀኒያ ዝም ብላ መቅረት ትችል ነበር፤ ጀልባ ላይ ነገር ቢከር መሸሻ የለም።

«እንግዲህ አገናኝቶናል፣ ሐጂ» አለች። «ያቺ ዶክተር እኔ ነኝ።»

ሙስባሃው ከሐጂ እጅ ወደቀ። ብዙ ሊሏት አስበው የነበረው ስድብ ሁሉ ጠፋቸውና የወጣቸው አንድ ቃል ብቻ ሆነ።

«ልጄን መልሺልኝ።»

«ለዚሁ ነው የምሄድ። የእርስዎን ስልክ ያላነሣች የእኔንም አላነሣችም። በላክኋት ጊዜ ቁንዝላ ሰላም ነበር፤ የሚቆይ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። እንደርስዎ ፈርቼ ነው የተነሣሁ።»

ሙስባሃውን አንሥታ ሰጠቻቸው። ሐጂ ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ከፍሬዎቹ ላይ ውኃውን በቀሚሷ ጫፍ አብሳ መስጠቷን አዩና ቁጣቸው ግማሹ ወረደ። ግማሹ ግን ነበር።

«ለመሆኑ ይህ ሥራ ለማን ይረባል? አንቺስ የሰላህን ልጅነት ይዘሽ ምን አገባሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የማጠናው አንድ ነገር ነው፤ ሴቶች ስለ አገር ጉዳይ ሲጠየቁ ለምን ‹አላውቅም› ይላሉ የሚለውን።»

«‹አላውቅም›ን?» ሐጂ ሳያስቡት ሳቅ አሉ። «ይህ አሥራ አንድ ዓመት ይፈጃል? እኔ ቤት ብትመጪ ባንድ ቀን ትጨርሺው ነበር! የእኔዋ ሀቢባ ሌላ መልስ የላት። የዛሬ ስድስት ዓመት ግድም ተማሪዎች መጥተው አሥራ አራት ጥያቄ ጠየቋት። ለአሥራ አራቱም ‹አላውቅም› አለች።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? አጠገቧ ነዋ! እሷ ያላወቀችውን ሁሉ እኔ መለስሁላቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።»

ሀኒያ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «እኛም እንደዚያ ነበር የምንሠራ። ባል ከአጠገብ ተቀምጦ፣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ፣ ጎረምሳ ተማሪ ልከን የሰው ሚስት እናስጠይቃለን። ‹አላውቅም› ስትል ‹አታውቅም› ብለን እንጽፋለን። ከአራት መቶ ሴቶች እንዲህ ያለ መልስ ሰብስቤ፣ ‹የሐይቅ ዳር ሴቶች የፖለቲካ ዕውቀት የላቸውም› የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ማዕረግ ያገኘሁበት እሱ ነው።»

«ታዲያ እውነትሽን ነዋ! ምን ያሳዝንሻል?»

«ጽሑፌን ያነበቡ ሰዎች አንድ ቀበሌ ውስጥ የውኃ ቦኖ ሊያወጡ መጡ። ሴቶቹ አያውቁም ተብሏልና የት ይቆፈር ብለው የመከሩ ከአባወራዎች ጋር ብቻ ነው። አባወራዎቹ ‹ገበያው ዳር ይሁን› አሉ፤ ለእነሱ የሚቀርበው እሱ ነው። ሴቶቹ ግን ገበያው ድረስ ዳገት መውጣት አልቻሉም፤ እንደ ድሮው ከሐይቁ ቀዱ። ያን ክረምት ተቅማጥ ገባ። ስድስት ሕፃናት ተቀበሩ።» ድምፅዋ ወረደ። «ቦኖው የት መሆን እንደነበረበት ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፣ ሐጂ። ኋላ ሄጄ ብቻዬን ስጠይቃቸው በጣታቸው አሳዩኝ።»

እንግዲህ የእኛ አገር ልማድ ይኸው ነው። ዝም ያለን ሰው የሚለው የለውም እንላለን፤ የሚለው እንዳይኖረው ያደረግነው እኛ መሆናችንን ግን አንቆጥረውም።

ይህን ሁሉ ከፊት ወንበር ሆነው የሚያዳምጡ አንድ ሰው ነበሩ፤ አቶ ቢያዝን ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የጽሕፈት ቤት ሰው ናቸው፤ ሬዲዮ ከጆሯቸው አይለይም፣ በዓለም ላይ የማያውቁትም ነገር የለም።

«አትድከሚ፣ ዶክተር» አሉ ዞር ብለው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ብለዋል አባቶቻችን።»

«ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉም እነሱ ናቸው» አለች ሀኒያ ፈገግ ብላ። «ይልቅስ አቶ ቢያዝን፣ ቁንዝላ ጤና ጣቢያ ሕፃናት የሚከተቡ በምን ቀን ነው?»

«ሰኞ!» አሉ አቶ ቢያዝን፣ ለአፍታ እንኳ ሳያመነቱ።

ከጀልባዋ ኋላ ቅርጫትና ዘንቢላቸውን ታቅፈው የተቀመጡ ሰባት ሴቶች ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ተያዩ፤ የአንዷ ሳቅ አመለጣት።

«ሰኞ ነው እንዴ?» አለች ሀኒያ ወደ እነሱ ዞራ።

«እኛ ምን እናውቃለን? እሳቸው ያውቃሉ» አለች አገርነሽ የምትባል ሎሚ ነጋዴ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሀኒያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለሐጂ አወጋችላቸው። «ሐሙስ ነው። ሱምያ ከላከችልኝ መልስ ነው ያየሁት። አዩ፣ ሐጂ? ወንድ ‹አላውቅም› ማለት ያፍራል፤ ስለዚህ ይገምታል። ሴት ‹አውቃለሁ› ማለት ትፈራለች፤ ስለዚህ ትተወዋለች። በእኛ ወረቀት ላይ ደግሞ የገመተው አዋቂ፣ የተወችው ደንቆሮ ተብለው ይገባሉ። እኛም የምንጠይቀው ሹመኛ ማን ነው፣ ምክር ቤቱ ስንት ወንበር አለው የሚለውን ብቻ ነበር። ልጅ የት እንደሚከተብ፣ ውኃው ለምን እንደተቋረጠ፣ አቤት የሚባለው ለማን እንደሆነ ማወቅ ፖለቲካ አይመስለንም ነበር።»

ሐጂ እስክትጨርስ ሰሟት። ክርክሩ ጣማቸው ማለት አይደለም፤ አንድ የሚከነክናቸው ነገር ቀርቶ ነው።

«እሺ፣ ያውቃሉ እንበል» አሉ በመጨረሻ። «ማወቃቸውን ገልጠው ምን ሊጠቀሙ? በዚህ ዘመን ያወቀ ነው የሚያዝ። ልጆቼን ‹አላውቅም በሉ› ብዬ ያሳደግሁ ለዚህ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።» ቀጥለውም የካሊድን ነገር ነገሯት፤ ዝርዝሩን፣ አራቱን ወር፣ የማይታዘዘውን እጅ። «በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ልጄ! ወንድሜን በገዛ እጄ ጻፍሁት!»

 «አላህ ይማረው» አለች ሀኒያ። «ፍርሃትዎ ከንቱ ነው አልልዎትም፤ እውነት ነው። ለዚህ ነው እኛ ስም የማንጽፍ።»

«ቁጥር ትጽፋላችሁ። ቁጥርም ስም ነው።»

«ቁጥሩ የትኛው ቤት እንደሆነ እኛም አናውቅም። እንዳናውቅ አድርገን ነው የሠራነው።»

«ወረቀት ነው፣ ልጄ። ወረቀት አንድ ቀን መናገሩ አይቀርም።» ሐጂ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ። «ሱምያን ይዤ እመለሳለሁ። ሌላ ነገር የለኝም።»

ፍርሃት በክርክር ብቻ የሚለቅ ነገር አይደለም። የያዘው ሰው ምክንያቱን ሁሉ ሰምቶ፣ ልክ ነው ብሎ፣ እዚያው እንደተቀመጠ ይቀራል። ሐጂም እዚያው ነበሩ።

የቁንዝላ ዳርቻ ከሩቅ ሲታይ የጀልባዋ ነጂ መልካሙ ሞተሩን ቀነሰ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ በገበያ ቀን ወደቡ በታንኳና በሰው ይሞላል። አሁን ግን አንድ ታንኳ እንኳ አይታይም። አንድ ልብስ የሚያጥብ ሰው የለም። መልካሙ ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም።

«ደስ አላለኝም» አለ። «የሰማችሁት ነገር አለ?»

«ምንም የለም!» አሉ አቶ ቢያዝን። «ገበያው ወደ ከሰዓት ተዛውሮ ነው። እኔ አውቃለሁ፤ ግባ።»

ሌሎቹ ወንዶችም አንዱ ለቅሶ ይሆናል፣ አንዱ ስብሰባ ይሆናል አሉ። ሁሉም መልስ ነበረው። መልካሙ ወደ ኋላ ዞረ። «እናንተስ?»

«እኛ ምን እናውቃለን?» አሉ ሴቶቹ፣ እንደ ተማከረ ሰው ባንድ አፍ።

«ተዋቸው፣ እነሱ ከየት ያውቃሉ» ያሉት ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ትምህርት ከሰሙ በኋላ፣ ሐጂ ሰላሁዲን ናቸው። ሱምያ ከዚያ ጸጥ ካለ ዳርቻ ማዶ ናትና ቶሎ መድረስ እንጂ ሌላ አላሰቡም።

ሀኒያ ተነሣች። «ሩብ ሰዓት ስጠኝ፣ መልካሙ፤ ሞተሩን አጥፋ።» እየተደገፈች ወደ ኋላ ሄዳ በመጀመሪያዋ ሴት አጠገብ ተቀመጠች፤ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ አናገረቻት፣ ጆሮዋንም ሰጠቻት። ከዚያ ወደ ሁለተኛዋ። ከዚያ ወደ ሦስተኛዋ። ሐጂ ልብ ብለው ሲያዩ ሰዓቷን እያየች ነው፤ ከሁሉም ጋር እኩል ትቆያለች፣ በሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ፊት ታሳያለች። ሰባቱን ጨርሳ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ወደቡ አንገባም» አለች። «ከታች፣ ደንገሉ ከበቀለበት ረግረግ ጋ ነው የምንወርድ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አሉ አቶ ቢያዝን።

«ሁሉንም ጠይቄአለሁ። ማን ምን እንዳለች አልናገርም።»

«በሰው ነፍስ ነው እንዴ የምትቀልጂው? የነገረችሽ ትነሣና ትናገራ!»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ለእርስዎም አልናገርም፣ ለመልካሙም አልናገርም፣ ለሐጂም አልናገርም።»

መልካሙ ግራ ተጋብቶ መሪውን እንደያዘ ቆመ። ጀልባዋ ሞተሯ ጠፍቶ ትወዛወዛለች።  ያን ጊዜ ነው ከወደቡ በኩል ተኩስ የተሰማ፤ መጀመሪያ ነጠላ፣ ከዚያ ተከታታይ። አቶ ቢያዝን ከወንበራቸው ወርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ግን ቆሙ። «ሱምያ!» ብለው ጮኹ፣ ከዚያ ርቀት ትሰማቸው ይመስል። መልካሙ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ደንገሉ አዞረ።

ከውኃው ሲወጡ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር። ደንገሉን ገና ሳይጨርሱ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች አስቆሟቸው። የማን ወገን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም፤ በዚህ ዘመን ይህ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ሰዎቹም የፈሩ ይመስላሉ፤ የፈራ መሣሪያ ያዥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

«በዚህ ውረዱ ያላችሁ ማን ነው?» አለ አንደኛው። ዓይኑ ከሰው ወደ ሰው ዞሮ ሐጂ ላይ አረፈ። «አንተ ሽማግሌ! ማን ነው?»

ሐጂ በዚያች ቅጽበት ስም ቢያውቁ ኖሮ ይናገሩት ነበር። ይህን ኋላ ከማንም አልደበቁም፤ «ከአፌ ይወጣ ነበር» ይላሉ፣ እያፈሩ። ግን የሚያውቁት ስም አልነበረም።

«አላውቅም» አሉ።

«እኔ ነኝ ያልሁ» አለች ሀኒያ።

ሰውየው ቦርሳዋን ነጠቃት። ላስቲኩን ቀዶ ከሌላ ቀበሌ የተሰበሰቡትን የመጠይቅ ወረቀቶች አወጣ። ሐጂ ደንገል ይዘው ቆሙ። ያው ወረቀት ነው፤ ያው ነገር ነው የመጣው። ሰውየው አንዱን ገልብጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«‹በአካባቢዎ ማንን ይፈራሉ?› ‹ሁሉንም።›» ቀና አለ። «ይህችን ያለች ማን ናት?»

«አላውቅም።»

«የጻፍሽው አንቺ! እንዴት አታውቂም?»

«እንዳላውቅ አድርጌ ነው የምጽፍ» አለች ሀኒያ። ቃሏ አልተዛነፈም። «ስም አልጠይቅም። የቤት ቁጥር አልጽፍም። ብትገድለኝም የምነግርህ የለኝም፤ ሁሉንም ገልብጠህ እይ።»

ገለበጠው። አርባ የሚሆን ወረቀት አንድ በአንድ አየ። ቀበሌ የለበትም፣ ስም የለበትም፣ ፊርማ የለበትም። «ሁሉንም» የሚለውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቀሪውን ደረቷ ላይ ወረወረላት። «ሂዱ» አለ። ሄዱ።

«አንዱን ወሰደብሽ» አሉ ሐጂ፣ ራቅ ካሉ በኋላ።

«ይውሰደው። የሚጎዳው ሰው የለም።»

 ሐጂ የእሳቸው ዝርዝር ከማን እጅ እንደገባ ዛሬም አያውቁም፤ ይህኛው ግን ዓይናቸው እያየ ገባ፣ ገብቶም አንድ ሰው አላስያዘም። ቀስ ብለው፣ «ሴቶቹን ግን ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው?» አሉ።

«‹ታውቂያለሽ ወይ› አላልሁም። ‹ልጅሽ እዚህ ጀልባ ላይ ብትሆን የት ታስወርጃት ነበር?› ነው ያልሁ። ሰው ሁሉ ሲሰማ ቢሆን ግን ‹ከየት ሰማሽ› መባልን ፈርተው አይነግሩኝም ነበር።»

ሱምያን ያገኟት ሰው እየጠየቁ ሄደው፣ መሲ በምትባል ዓሣ ነጋዴ ቤት፣ ከጓዳ ውስጥ ተደብቃ ነው። የሱምያ ማደሪያ ወደቡ አፍ ላይ ነበር። ሱምያ በዋዜማው መሲን ብቻዋን አስቀምጣ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጥ አዳምጣት ነበር፤ ያቺው መሲ ማለዳ መጥታ፣ «ልጄ፣ ዛሬ እዚያ አትዋዪ» ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ከሁለት ሰዓት በኋላ የማደሪያው ግድግዳ በጥይት ተበሳሳ። ሐጂ ልጃቸውን አቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ሀኒያ በዚያው ሰዓት ሥራው እንዲቆም አዘዘች። «መጠይቅ ይደርሳል፤ ነፍስ ግን አትተካም» አለች። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ሲበርድ ጀልባዋ ይዛቸው ተመለሰች። ሐጂም በዚያ ጉዞ፣ እንደሳቸው ላለ ሰው ትልቅ ነገር የሆነ ነገር አደረጉ። ልጃቸውን ከሰው ገለል አድርገው፣ «ሰላም ሲሆን ብትመለሺ ትመርጫለሽ፣ ብትቀሪ?» አሉ።

«አላውቅም፣ አባባ» አለች ሱምያ፤ ያሳደጓት እንደዚያ ነውና።

ሐጂ አልተቆጡም፤ ጠበቁ። ውኃውን እያዩ፣ እሷን ሳያዩ፣ ብዙ ጠበቁ።

«መሲ የነገረችኝን ጽፌ ሳልጨርስ መቅረት አልፈልግም» አለች ሱምያ በመጨረሻ።

አንባቢ ሆይ፣ ሱምያ ወሩ ሳይሞላ ተመለሰች። ያ ጥናት ሲያልቅ ሴቶቹ በሴት፣ ለብቻቸው፣ ስማቸው ሳይጻፍ ሲጠየቁ፣ ከአሥር «አላውቅም» ሰባቱ ወደ መልስ ተለወጠ። ሀኒያ የቀድሞ ጽሑፏ ስሕተት እንደነበር በገዛ ስሟ ጽፋ አወጣች፤ ለምሁር ይህ ከሞት የማይተናነስ ነው። ስድስቱ ሕፃናት የተቀበሩባት ቀበሌ ሁለተኛ ቦኖ ሴቶቹ በጣታቸው ካሳዩት ቦታ ተቆፈረ። ወንዶቹም ተጠቀሙ፤ ልጆቻቸው ናቸው የሚጠጡት። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦለት ሳይጠይቀው የሚውል ባለቤት ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚነዳ ጀልበኛ ነው።

ይህ ሁሉ ኋላ የመጣ ነው። ሐጂ ከቁንዝላ የተመለሱ ዕለት ግን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት መልስ፣ ሰዉን ሁሉ ከቤት አስወጥተው ከባለቤታቸው ከሀቢባ ፊት ተቀመጡ። ሀቢባ ሩዝ እየለቀሙ ነበር።

«ሀቢባ፣ ስለ አገሩ ነገር ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሐጂ» አሉ ሀቢባ፣ ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ።

ሐጂ አጠያየቃቸው እንደተበላሸ ገባቸው። ትንሽ አሰቡና እንደገና ሞከሩ። «ሱቁ የአንቺ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጊዜ ያን የስም ዝርዝር ለማኅበሩ ትሰጪ ነበር?»

የሀቢባ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«አልሰጥም» አሉ። «የማኅበሩ ቤት የማይታወቁ ሰዎች እየገቡ ዝርዝር ይገለብጣሉ ብለው የወፍጮ ቤት ሴቶች ነግረውኝ ነበር። እርስዎ ዝርዝሩን ሊሰጡ ሳምንት ሲቀርዎት ነው።»

 ካሊድ በሐጂ ዓይን መጣ፤ ግራ እጁ ጭምር።

«ታውቂ ነበር? ሀቢባ፣ ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ!»

ሀቢባ ቀና ብለው አዩዋቸው። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«መቼ ጠየቁኝ?»